የጠመንጃ ቁራጭ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር፦ እኛ እንዴት አደረግነው

ሐረር ኤርፖርት የላትም። ከጁገል የተነሳ መንገደኛ ሁሉ ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ ነው የሚሳፈረው። እኛም እንደዚያው። ልዩነቱ የእኛ ሻንጣ ውስጥ ጠመንጃ መኖሩ ነው፤ ማለቴ ከጠመንጃ የተረፈ ነገር።

አያቴ ውጅግራ ነበረው። ጠመንጃው ራሱ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። የቀረው የእንጨት ሰደፉ፣ የቆዳ ማንገቻው፣ አንድ ዝናር፣ እና ጣሳ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረ የማቀባበያው ብረት ነው። አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ለእረፍት መጥቶ "የአባቴን ነገር ይዤ ነው የምሄደው" አለ። ሊይዘው ያሰበው ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው፤ ከዓይኑ እንዳይርቅ። "እንጨት እኮ ነው፣ ምን ይሉኛል?" አቦ ቆይ፣ አልኩት። (እኛ ጋ አንቱታ ብዙም የለም፣ አዲስ አበቤ አይፍረድብኝ።) ጣጣውን እኔ ያዝኩት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሕጉን ማንበብ ነው፣ ከመጨረሻው አገር ጀምሬ ወደ ኋላ። አጎቴ ዋሽንግተን ወርዶ ሌላ የአገር ውስጥ በረራ አለው፤ እዚያ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ እንደገና ይፈተሻል። የሚፈትሸው ቲኤስኤ የሚሉት የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት ነው። እሱ ዘንድ የጥይት ካዝና፣ ማቀባበያ፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ፣ በአጠቃላይ የጠመንጃ ክፍል የሚባል ነገር በእጅ ሻንጣ አይገባም። በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚሄደው። ሙሉ ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ ጥይት ሳይጎርስ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይብሳል፦ የጦር መሣሪያ አካል የሆነ ነገር ሁሉ ክልክል፣ ከማነጣጠሪያ መነጽር በስተቀር። መነጽሩ አሜሪካም ላይ በእጅ ሻንጣ ያልፋል። የሚገርመው እሱ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈራው ነገር ነፃ፣ ምስኪኑ እንጨት ታሳሪ።

አጎቴ "ግን እኮ አንቲክ ነው" አለ። እውነቱን ነው። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው ያወጡት፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። እነሱ አዲስ ሲታጠቁ አሮጌው በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደዚህ ጎረፈ። ሐረር በስሙ በሚጠራው ቤት ቱሪስት የሚጎበኝለት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ጠመንጃ በግመል ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነበር። የአሜሪካ ሕግም በ1898 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃን አንቲክ ብሎ ከብዙ ጣጣ ነፃ ያወጣዋል። ግን ይሄ የባለቤትነትና የንግድ ሕግ ነው። የፍተሻው መስመር ላይ የሚሠራው ሌላ ሕግ ነው፤ እዚያ ዕድሜ አይጠየቅም። አስመስሎ የተሠራ የፕላስቲክ ጠመንጃ እንኳ በእጅ ሻንጣ የሚከለከልበት ቦታ ላይ የአድዋ ዘመን ታሪክ ብታወራ ማን ይሰማሃል?

ደግሞ አይፈረድባቸውም። በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች ከመንገደኛ የእጅ ሻንጣ 6,737 የጦር መሣሪያ አግኝተዋል፤ ከመቶ 93 ያህሉ ጥይት የጎረሰ። እንዲህ ከዋለ ሰው ጋር ቀልድ አያዋጣም።

ወደ አገራችን ስመጣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የሚባለው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ማዘዋወርም ክልክል ነው፣ ተቆጣጣሪው ፌዴራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አንድ ላይ "የአያቴ መታሰቢያ" ብዬ ከማየት እያንዳንዱን ለብቻው ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት።

ዝናሩ ነው ጊዜዬን የበላው። ቆዳው ደርቆ ቀለሁን ነክሶ ይዞታል፤ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ባዶ ይመስላል። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ከሥር እየገፋሁ አወጣሁ። የተተኮሰ ቀለህ አፉ ክፍት ነው፣ ቂጡ ላይም መርፌው የመታው ጎድጓዳ ጠባሳ አለ። አንዱ ግን እርሳሱ እንዳለ ነበር። ቂጡም ለስላሳ፣ ጠባሳ የሌለበት። የሃምሳ ምናምን ዓመት አቧራ ለብሶ፣ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ቁጭ ብሏል። እናቴ ልጅ ሆና በዚህ ዝናር ትጫወት ነበር አሉ! ዝናር ያላችሁ ሰዎች፣ ኤርፖርት ባትሄዱም ዛሬውኑ እዩት። ስታዩም አትቀጥቅጡት፣ በጉጠት አትጎትቱት። አልወጣ ካለ ዝናሩን እንዳለ ለፖሊስ ውሰዱት።

እኔም ያንን ጥይትና የማቀባበያውን ብረት ከቀሪው ዕቃ ጋር ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ከመሄዴ በፊት ቀድሜ ደውዬ "እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ አለ፣ እንዴት ላምጣው?" ብዬ ጠይቄያለሁ። ሳይናገሩ ጥይት ኪስ ውስጥ ከትቶ ባጃጅ መሳፈር ብልህነት አይደለም፣ መንገድ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥም ማስረዳቱ ራሱ አንድ ቀን ነው። ጥይቱንና ብረቱን ተረከቡኝ። ቀሪውን ሰደፍ፣ ማንገቻና ዝናር አይተው፣ ፎቶው የተለጠፈበት፣ ማህተም ያለው ወረቀት ጻፉልኝ። አጎቴ ብረቱን በማስረከቤ አኩርፏል። "መርፌ ያለበት ነገር ከሆነ በየትኛውም አገር ዝርዝር ላይ በስሙ ተጽፏል" ብዬ አስነበብኩት፤ ዝም አለ፣ ማኩረፉን ግን አልተወም።

እናቴ ደግሞ የራሷ ዕቅድ ነበራት። ሰደፉን በጋቢ ጠቅልላ፣ ከበርበሬው ሥር፣ ቆሎው መሃል። "ማንም አያየውም!" ችግሩ እሱ ነው እኮ። የኤክስሬይ ማሽን ዕቃን በቀለም ነው የሚለየው፤ እንጨት፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ልብስ፣ ከሕያው ነገር የመጣ ሁሉ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል፣ ብረት ሰማያዊ። ሰደፉ ቂጡ ላይ የብረት ሽፋንና ብሎን አለው። እና ብርቱካንማ ክምር መሃል ሰማያዊ ጫማ ያደረገ የጠመንጃ ቅርጽ ቁጭ ይላል። ቀለሙ ቢያመልጥ ቅርጹ አያመልጥም። የተደበቀ የሚመስል ነገር ደግሞ ከተቀመጠ ነገር አሥር እጥፍ ጥያቄ ያመጣል። በርበሬውን ለብቻው አደረግነው። (በነገራችን ላይ ወደ አሜሪካ ሲገባ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ነገር በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ሽሮና በርበሬ ከታች ሻንጣ ይግባ።)

ሰደፉ ጠንካራ ሻንጣ ውስጥ፣ ከላይ፣ ዚፑ ሲከፈት መጀመሪያ እንዲታይ። ወረቀቱ ግን ሻንጣ ውስጥ አልገባም፣ እጃችን ላይ ነበር።

አሜሪካኖች "ከታች ሻንጣ ክተተው" ሲሉ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኛ ጋ ግን ተርሚናል በር ላይ ገና ስትገባ የሚጫነውም የሚያዘውም ሻንጣ አብሮ ኤክስሬይ ያልፋል። ስለዚህ የምትናገረው እዚያ ነው፣ ትኬት መስኮቱ ላይ አይደለም። የአየር መንገዱን ቢሮ ቀደም ብዬ ፎቶ አሳይቼ ጠይቄ ስለነበር በጊዜ ደረስን፤ ቀበቶና ጫማችንን ከማውለቃችን በፊት ለፈታሹ "የድሮ ጠመንጃ እንጨትና ባዶ ዝናር አለ፣ ወረቀቱ ይኸው" አልኩት። ቃሉን አስቤበት ነው። በአንድ ትንፋሽ "እንጨት"፣ "ባዶ"፣ "ወረቀት" ይሰማ። "ጠመንጃ ይዘናል" ብለህ ብትጀምር የሚቀጥለውን ማን ይሰማልሃል።

ከፈቱት። ዝናሩን ነጭ ጨርቅ አሻሽተው ማሽን ውስጥ ከተቱት፤ የፈንጂ ብናኝ መፈለጊያ ነው። ባሩድ የያዘ ቆዳ ማሽኑን ሊያስጮኸው እንደሚችል ስለማውቅ ጥይት ይያዝበት እንደነበር አስቀድሜ ነገርኳቸው። አልጮኸም። አንደኛው ፖሊስ ሰደፉን አገላብጦ "ወላሂ እኛም ቤት እንዲህ ያለ አለ" አለና ሳቀ፣ ከዚያ አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሌላ ጠራ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍጦ ያየናል። አጎቴ በዚህ መሃል "የአድዋ ነው" ማለት ሲጀምር ክንዱን ያዝኩት። ሲጠይቁህ መልስ፣ ካልጠየቁህ ዝም በል።

አለፍን። አዲስ አበባ ላይ የቀረው የአጎቴ ሥራ ነበር። አሮጌ ነገር ከአገር ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑ በቅርስ ባለሥልጣን መረጋገጥ አለበት፣ ያለዚያ ቦሌ ላይ ይቀራል። እዚያ አስመርምሮ የይለፍ ወረቀቱን አወጣ። ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ የጦር መሣሪያውን ወረቀት ጨርሶ በቅርሱ ይያዛል።

ማንገቻውን ግን በእጅ ሻንጣው ያዘው። ቆዳ ብቻ ነው፣ እኔም ብጠይቅ ችግር የለውም ተባልኩ። አሜሪካ ሲደርስ ደውሎ ማንም ዞር ብሎ አላየውም አለኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎታል መሰለኝ።

አሁን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ወደ ዱባይ ሊሄድ ነው፣ ለጓደኛው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ሽጉጥ የሚመስል ላይተር ገዝቷል። እሱም አያልፍም። ሽቶ ውሰድለት አልኩት፤ በእጅ ሻንጣ ከያዝከው ደግሞ ጠርሙሱ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ።