«መንግሥት» ስንል የትኛውን?

ፋሲል ግቢ ውስጥ «ይህ የዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ነው» ይባላል። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ «መንግሥት ውሃ አጠፋብን»። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚጠራው ነገር ግን ሌላ ነው።

ሥሩ ግእዙ «ነግሠ» ነው። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ነገሥታት ሁሉ ከዚያ ይወጣሉ። ጥር 7 ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚያቀናው ሰው «ንግሥ ልሄድ ነው» ሲልም ዘሩ ያው ነው። ፊደሏ ሳትቀር «ንጉሡ ሠ» የምትባለው በዚሁ ቃል ነው፤ በእሳቱ ሰ «መንግስት» ብሎ መጻፍ ዘሩን ይሸፍነዋል። (አዋጅ በኮምፒውተር ስትፈልጉ በሁለቱም ሆሄ ሞክሩ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይወጣ ይችላል።)

በጎንደር ነገሥታት ጊዜ መንግሥት ማለት በቅድሚያ ንግሥናው ራሱ ነበር፦ «ዘመነ መንግሥቱ»፣ «ስመ መንግሥቱ አድያም ሰገድ» (ይኸኛው ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው)። በዘመነ መሳፍንት ነገሩ ተሰነጠቀ። ዘውዱ ጎንደር ተቀመጠ፤ ጦሩና ግብሩ ግን ወደ ራሶቹ እጅ ገባ። ራስ የቱንም ያህል ቢበረታ «እንደራሴ» እንጂ «ንጉሥ» አልተባለም፤ መንግሥት የሚለው ስም ባዶም ሆኖ ከዙፋኑ ጋር ቀረ።

ዛሬ ዙፋኑ የለም፣ ቃሉ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 «የኢትዮጵያ መንግሥት» ሲል ሹም ቢመጣ ቢሄድ የምትቀጥለዋን አገር እንደ ሕጋዊ አካል ነው የሚጠራው። አንቀጽ 50 ላይ «የፌዴራል መንግሥት» ከክልል የሚለየው እርከን ነው። ሰፈር ውስጥ «መንግሥት» የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንቀጽ 72 የአስፈጻሚነት ሥልጣን የተሰጣቸውን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የሚኒስትሮች ምክር ቤትን፣ ሲወርድም የቀበሌውን ሹም ነው።

ለመለየት ቃሉን አውጥታችሁ «አገር»፣ «ሹማምንት» ወይም «መሥሪያ ቤት» ተኩበት። «መንግሥት ተለወጠ» ውስጥ የሚገባው «ሹማምንት» ነው። «መንግሥት ከውጭ ተበደረ» ውስጥ ግን «አገር» ነው፤ በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ የውጭ ዕዳው አብሮት ያልወደቀው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ «መሥሪያ ቤት»፣ ማመልከቻ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። «ለሚመለከተው የመንግሥት አካል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ይዞራል። የነዋሪነት መታወቂያ የቀበሌ፣ የይዞታ ካርታ የከተማ አስተዳደሩ፣ ፓስፖርት የፌዴራል ጉዳይ ነው። ሦስቱም መንግሥት ናቸው፤ አንዱ ግን ለሌላው አይፈርምም። ስለዚህ «ለ» ካላችሁ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስምና ከተማውን ጻፉ፤ የበላዩ እንዲያውቀው ከፈለጋችሁ ከታች «ግልባጭ» ብላችሁ ጨምሩት።