በሬዲዮ የተገነባ ግንብ

ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን ሙዚየም፣ ብራዚላዊው ሠዓሊ ሲልዶ ሜይሬሌስ «ባቤል» ብሎ በሰየመው ሥራ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሜ አዳመጥኩ። ቁመቱ 5 ሜትር ያህል የሆነው ይህ ክብ ግንብ የተሠራው በመቶዎች በሚቆጠሩ ያገለገሉ ሬዲዮዎች ሲሆን፣ ሁሉም በርተው፣ በተለያየ ጣቢያ ላይ ተስተካክለውና ድምፃቸው ለመሰማት ያህል ብቻ ዝቅ ተደርጎ በአንድነት ይናገራሉ።

ከሩቅ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ጠጋ ብለው ጆሮዎን ለአንዱ ሲሰጡት ግን የአንድ ተናጋሪ ድምፅ ወይም የሙዚቃ ቁራጭ ከጫጫታው ተለይቶ ይወጣል፤ አንድ እርምጃ ሲርቁ ተመልሶ ይሰጥማል። ክፍሉን የሞላው ጥቁር ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ፣ ከሁሉ በላይ ዓይን የሚስቡት በሬዲዮዎቹ ፊት ላይ የሚበሩት ትናንሽ መብራቶች ናቸው። ከታች ግዙፎቹ ባለ ቫልቭ (በመስታወት ቱቦ የሚሠሩ የድሮ) ሬዲዮዎች፣ ወደ ላይ ደግሞ እያነሱ የሚሄዱት አዳዲሶቹ ተደርድረዋል፤ ይህም ግንቡን ከቁመቱ በላይ ረጅም ያስመስለዋል።

ሠዓሊው ሐሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 በኒው ዮርክ ካናል ጎዳና ሲዘዋወር ለሽያጭ የተደረደሩ ሬዲዮዎችን አይቶ ሲሆን፣ ሥራው የተጠናቀቀው በ2001 ነው።

ሥራው ስሙን በወሰደበት በዘፍጥረት ምዕራፍ 11 የባቢሎን ግንብ ታሪክ፣ ቋንቋቸው የተደበላለቀባቸው ሰዎች ግንባታቸውን አቁመው ተበተኑ፤ እዚህ ግን ግንቡን የሠሩት የተደበላለቁት ድምፆች ራሳቸው ናቸው። እኔን እጅግ የነካኝ ድምፁ አስቀድሞ ያልተቀዳ መሆኑ ነው፤ ጣቢያዎቹ በቀጥታ ስለሚሰሙ እኔ ዛሬ የሰማሁትን ነገ የሚመጣ ሰው አይሰማውም። ለንደን ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የሙዚየሙን ቋሚ ስብስብ ለማየት ክፍያ ስለማይጠየቅ፣ ሄዳችሁ ሳትቸኩሉ አዳምጡት።