ካውንትዳውን በድሬ ጥላ ስር

በእንግሊዙ ቻናል 4 ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታየው የቁጥርና የፊደል ውድድር፣ ካውንትዳውን፣ ተወዳዳሪን የሚጥለው ሂሳቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ 30 ሰከንድ። በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር በካርቶን ቁራጭ መለማመድ ይቻላል፣ ደንቡ ግን አይሸራረፍ። ከ25፣ 50፣ 75 እና 100 የፈለጉትን ያህል፣ ቀሪውን ከ1 እስከ 10፣ በድምሩ ስድስት ቁጥር ያወጣሉ። እነዚህን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል የሚደረስበት ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው።

100፣ 25፣ 8፣ 7፣ 4፣ 2 ወጥተው 683 ተጠየቀ እንበል። ጀማሪ ከ600 ተነስቶ 83 ፍለጋ ይዳክራል። ከላይ መውረድ ይቀላል፦ 100 በ7 ሲባዛ 700፤ ትርፉ 17 ነው፤ ከ25 ላይ 8 ሲቀነስም 17። አለቀ። የ75 ብዜቶችን፣ በተለይ 375፣ 525 እና 675ን፣ በቃል መያዝ ብዙ ሰከንድ ያተርፋል። ልክ ለመጣ 10 ነጥብ፣ እስከ 5 ለራቀ 7፣ እስከ 10 ለራቀ 5፤ ያውም ይበልጥ ለቀረበው ብቻ። አንዱን ካርድ ሁለቴ የተጠቀመ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ስለዚህ የተጠቀሙበትን ወዲያው ይሰርዙ።

ጣጣው የፊደሉን ዙር፣ ከዘጠኝ ፊደል ረጅም ቃል የመሥራቱን፣ ወደ አማርኛ ሲያመጡት ነው። ዘጠኙ ካርድ በግዕዝ ቤት ይጻፍና ተጫዋቹ ካዕብም ሳድስም ያድርገው፤ አለዚያ ረጅም ቃል እምብዛም አይገኝም። መ፣ ሰ፣ ተ፣ ወ፣ ተ፣ ቸ፣ ነ ካሉ «መስተዋት» 5 ነው፤ «መስተዋታችን» ግን 7! ቅጥያ መከልከል ይሻላል። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ድሬዎች በፊደል ከተከራከሩ ካርድ ሳይነሳ ይመሻል።