ቆጥ ያለውን ቤት ልግዛው ወይስ ልተወው?

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ቤት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ የሕንጻው መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ በእንጨት ደረጃ ወደ ቆጥ ይወጣል፣ መኝታው እዚያ ነው። ደላላው «ሎፍት» ይለዋል። እናቴ ግን ቀና ብላ አየችውና «ዶሮ ልታሰፍሪበት ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ያየሁት በፀሐይ ነበር፣ ወደድኩት። ሁለተኛ ግን ሆን ብዬ በዝናብ ሄድኩ፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆጡ ላይ ቆርቆሮው ከራሴ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፣ የደላላው አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለው አይሰማኝም። ጥግ ላይ፣ ከአዲሱ ቀለም ሥር፣ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ አለ። በጣቴ ነካ አደረግኩት። እርጥብ ነው።

ወረቀቱም ጣጣ አለው። በጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ (ቁጥር 370/1995) ጣሪያ የጋራ ንብረት ነው፤ ስለዚህ የሚያፈሰው እኔ አልጋ ላይ ቢሆንም ለማሠራት ጎረቤቶቼን ማስማማት አለብኝ፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ደግሞ ምን ቸገረው! ይባስ ብሎ ቆጡ ካርታው ላይ የለም። ሻጩ ግን ካሬውን ደምሮ ነው ዋጋ የጠራው።

«ቆጡን ቀንሱና እንነጋገር» አልኩት ደላላውን። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።