ጋዶሊኒየምን በብይ፦ የግፊት ትምህርቴ የት ደረሰ?

ጋዶሊኒየም የተባለው ብረት በኃይል ሲጨመቅ አቶሞቹ እንዴት እንደሚደረደሩ እየተማርኩ ነው። እዚህ ደሴ ውስጥ ግን አልማዝ መጭመቂያ፣ ማለትም ብረቱን በሁለት አልማዞች መካከል የሚጨምቀው መሣሪያ፣ ከየት ይመጣል? ያለኝ የሰፈር ልጆች ብይና ማስቲሽ ነው፤ እያንዳንዱን ብይ እንደ አቶም ቆጥሬ አጣብቃለሁ። ለዚህ ርዕስ ግን አላነሰኝም።

ሬር ኧርዝ ከሚባሉት፣ ጋዶሊኒየምም ከሚመደብባቸው ብረቶች የአብዛኞቹ አቶሞች ንብርብር ሠርተው ይደረደራሉ። የታችኛውን ንብርብር ሀ በሉት። ሁለተኛው ጎድጓዳዎቹ ላይ ያርፋል፤ እሱ ለ ነው። ሦስተኛው ምርጫ አለው፦ ወይ በሀ ትክክል ይቀመጣል፣ ወይ አዲስ ቦታ መ ይይዛል። ጨዋታው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ጋዶሊኒየም ሳይጫኑት ሀለሀለ እያለ ይሄዳል። ግፊቱ ወደ 2 ጊጋፓስካል ሲደርስ እንደ ዘመዱ ሳማሪየም በየዘጠኝ ንብርብሩ የሚደገም አደራደር ይይዛል። 7 አካባቢ ሀለሀመ፣ 25 አካባቢ ሀለመ ይሆናል። 1 ጊጋፓስካል ማለት የአየር ግፊትን 10,000 ጊዜ ያህል ነው፤ ቀልድ አይደለም።

እኔን ያስደነቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሳይጫኑ፣ ከከባዱ ሬር ኧርዝ ከሉቴሺየም ተነስታችሁ ወደ ቀላሉ ላንታነም ብትመጡ ያንኑ ሰልፍ ታገኛላችሁ። ግፊት ከባዱን ብረት የቀላል ጎረቤቱን አደራደር ያስይዘዋል ማለት ነው። ሲጨመቁ ኤሌክትሮኖቹ ኤስ ከሚባለው ምህዋር (በአቶሙ ውስጥ ከሚይዙት ቦታ) ዲ ወደሚባለው ይሸጋገራሉ፤ ሰበቡ እሱ ነው። ዩሮፒየምና ኢተርቢየም ግን ከሰልፉ ውጪ ናቸው። ሌሎቹ ለትስስር ሦስት ኤሌክትሮን ሲሰጡ እነሱ ሁለት ብቻ ይሰጣሉ።

አንድ ወዳጄ «የደላንታ ኦፓልስ?» ብሎኛል። ኦፓል ውሃ ያዘለ ሲሊካ ነው፤ አቶሞቹ እንዲህ በሥርዓት የተሰለፉ አይደሉም።

ሌላው ሬር ኧርዝ ሴሪየም ደግሞ ጉድ ነው። 0.8 ጊጋፓስካል ገደማ ላይ ይዘቱ በአንዴ በ15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አደራደሩ ግን ያው ሀለመ ነው! ይህን ብይ አያሳይም፤ ብይ አይጠብማ። ነገሩ ኤፍ በሚባለው ምህዋር ያሉት ኤሌክትሮኖች ጉዳይ ነው፤ ሊቃውንቱም ዛሬ ድረስ ይከራከሩበታል።

ዋናው ሙከራ የሚካሄደው በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል ነው። አደራደሩን በኤክስሬይ ያነቡታል። ግፊቱን የምትናገረው አብራ የምትገባ የሩቢ ቅንጣት ናት። ሌዘር ሲያርፍባት የምትሰጠው ቀይ ብርሃን በየጊጋፓስካሉ 0.36 ናኖሜትር ያህል ወደ ረጅሙ ሞገድ ይሸሻል።

አሁን የያዝኩት ከ30 ጊጋፓስካል በላይ ያለውን ነው። እዚያ ጋዶሊኒየም ሀለመውን ያጣምመዋል። በማስቲሽ የደረቀ ብይ ደግሞ አይጣመምም። በቀጭን ሽቦ ልሞክር ነው፤ የሞከረ ካለ ይጻፍልኝ።