ማስታወቂያ ላይ ማላመጥ ይብቃን!

ዛሬ ማታ ዜና ልሰማ ቁጭ ባልኩበት ደሜ ፈላ። መሃል ላይ የምግብ ማስታወቂያ ገባ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ያላምጣል፣ ድምፁ ቤቱን ሞላው፣ ሶሱ ከከንፈሩ ወደ አገጩ፣ ከአገጩ ወደ ሸሚዙ ይንጠባጠባል፣ እሱ ደግሞ ጣቱን እየላሰ ይስቃል። ካሜራው ጥርሱ መሃል የተሰነቀረውን ቅጠል ሳይቀር አቅርቦ አሳየን። ሪሞቱን እስካገኝ ጆሮዬን ይዤ ነበር። የምግብ ፍላጎቴም በዚያው ጠፋ።

የሚያናድደው፣ ይሄ ሆን ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2004 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን የድንች ቺፕስ እያስነከሱ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ከፍ አድርገው ሲያሰሟቸው፣ ያው ቺፕስ ይበልጥ ያልቆየና ኩርሽም ኩርሽም የሚል መስሏቸው ነበር። እሺ፣ ድምፅ ይሸጣል። ግን ኩርሽምታ ሌላ፣ የምራቅ ድምፅ ሌላ! ማይክ አፍ ውስጥ ሊገባ ምን ቀረው?

ደግሞ ሚሶፎኒያ ያለባቸው ሰዎች አሉ። የሰው ማላመጥ፣ አንዳንዴም መተንፈስ ብቻ ሲሰሙ በንዴትና በጭንቀት ይወጠራሉ፣ ልባቸው ይመታል። በፈረንጆቹ 2017 የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነዚህን ሰዎች አንጎል ሲመረምሩ፣ ስሜትን የሚያስተናግደው ክፍል ለእንዲህ ዓይነቱ ድምፅ ከሌላው ሰው በጣም የበረታ ምላሽ ሲሰጥ አይተዋል። ስለዚህ «አታካብድ» የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉኝ።

ማስታወቂያ የምትሠሩ ሰዎች፣ ምግቡን አሳዩን። እንፋሎቱን፣ ቀለሙን፣ ሲቆረስ አሳዩን። አፍ ውስጥ ገብቶ የሚሆነውን ግን ለበላተኛው ተዉለት።