ሐምሌ 5፣ ቱሊክ የምርምር ጣቢያ፣ አላስካ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ከኮረብታው በላይ ቁጭ ብላለች። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው፤ ያልጠለቀች ፀሐይ ታዲያ መቼ ልትወጣ ነው? እማዬ በደወለች ቁጥር «አሁንም አልመሸም?» ትለኛለች። «አይመሽም እማ።» «ታዲያ መቼ ትተኛለህ ልጄ?»

ዛሬስ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ጠርሙስ ነው።

ጠዋት ዘንግ ስንወጋ ዋልን። ቀጭን ብረት ይዘህ መሬቱን ትጫነዋለህ። ላዩ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ ድንገት ድፍን ይልብሃል። በረዶው ነው። ድንጋይ ከሆነ ብረቱ ይጮኻል፤ በረዶ አይጮኽም። ይህን ለመለየት እጄ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የቀለጠውን አፈር ጥልቀት 27፣ 31፣ 29 ሳንቲሜትር እያልን ጻፍን። ከዚያ በታች መሬቱ 200 ሜትር ገደማ ድረስ በጋ ከክረምት በረዶ እንደሆነ ይቆያል፤ ፐርማፍሮስት ይሉታል። (ትንኙን አላነሳም፤ ካነሳሁት ሌላ አልጽፍም።)

ጅረቱ ዳር፣ መሬቱ ቀልጦ የተናደበት ቦታ ስንደርስ ዘንጉ እስከ እጀታው ሰመጠ። እጄ ድፍን የሚለውን ሲጠብቅ ባዶ ቀረ። ከናዳው በታች ውሃው ቀጭን ቡና መስሏል። ከናዳው የወረደ ጭቃና ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ በረዶ ውስጥ የቆየ ሥርና ቅጠል ነው የሚያጠቁረው። በረዶው ሲቀልጥ ሥሩንና ቅጠሉን ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ከፊሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉ ዕፅዋት ከሚመገቡት ፎስፈረስ ጋር ወደ ጅረት ይወርዳል። በዓለም ፐርማፍሮስት ውስጥ የታመቀው ካርቦን አየር ላይ ካለው እጥፍ ገደማ ነው።

ፎስፈረስ ወንዝን ምን እንደሚያደርግ እዚሁ ታይቷል። ተመራማሪዎች ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክረምታችን ኩፓሩክ ወንዝ ላይ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ ነበር። መጀመሪያ ድንጋዩን አልጌ አለበሰው። ሞስ የሚባለው አረንጓዴ ተክል የወንዙን ወለል የወረሰው ግን ከስንት ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። በአምስተኛው ዓመት ቢተዉት ኖሮ «አልጌ ይበዛል» ብለው ጽፈው ይሄዱ ነበር።

ወደ ጠርሙሴ ልመለስ። ስድስት ናሙና ቀድቼ አጣርቼ አምጥቻለሁ፤ አንዱ ላይ ምልክት አልጻፍኩም። ከናዳው በላይ ይሁን በታች የተቀዳው፣ አላውቅም። ብርሃን ላይ ሳየው ጠቆር ያለ መሰለኝ፤ «የታችኛው» ብዬ ልጽፍ ማርከሩን ከፍቼ ነበር። ግን ከተጣራም በኋላ የታችኛው ይጠቁር እንደሆነ ለማወቅ አይደል የምንለካው? ማርከሩን መልሼ ዘጋሁት።

ለኃላፊያችን ነገርኳት። አልተቆጣችም። መዝገቡን ከፈተች፤ ከእሷ በፊት የጻፉ የስንት ሰው እጅ ጽሑፍ ያለበት መዝገብ ነው። በቁጥሩ ቦታ አንዲት ሰረዝ አሰመረች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ከመውጣትህ በፊት ጠርሙሶቹ ላይ ጻፍባቸው» አለችኝ።

የነገዎቹ ስድስት ባዶ ጠርሙሶች አጠገቤ ናቸው። ጽፌባቸዋለሁ።